ስትጫን ቆመን ነበር

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ቀጥ የሚያደርግሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደኅና ነኝ እያልሽ ትሸነግይኛለሽ? መድኃኒቱን ግማሹን ውጠሽ ግማሹን ትራስ ሥር እንደምትሸጉጪ እህቴ ነግራኛለች። ተይ እማዬ፣ በእኔ ሞት ሙሉውን ዋጪ። እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የናፍቆቱን ነገር አታንሺብኝ እንጂ።

በየደብዳቤሽ የምትጠይቂኝ ስለ ሰማዩ ነው፤ ስለ ደመናው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ መብረቁ። ስንቴ ልንገርሽ፣ እኔን ያሸበተኝ መሬቱ ነው። ሰማይ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ መሬት ስንነካ ግን በሰው ቤት እንግዶች ነን። አንዱ ጋ መሰላሉ ይመጣና የነዳጅ ቦቴው ይጠፋል። ሌላው ጋ ቦቴው መጥቶ ቱቦውን የሚይዘው ሰው ምሳ ወጥቷል። ቋንቋ ስለማንግባባ በእጅና በአገጭ ነው የምናወራው። ያ ሁሉ አውሮፕላን ከጎማው ሥር ታኮ የሚያነሳለት አንድ ሰው እስኪመጣ እንደ ተበላሸ አውቶቡስ ተገትሮ ይቆማል። አውቶቡስ ተራ ትኬት ስትቆርጪ ያረጀሽ ሰው ስለሆንሽ አንቺ ይገባሻል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ወሬው ቀድሞኝ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው። ለጊዜው ከበረራ ታግጃለሁ። አይዞሽ፣ አደጋ አላደረስኩም፣ ሰውም አልጎዳሁም። ከመጀመሪያው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

ባለፈው ሳምንት ብዙ ከማንመላለስበት አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ልንወስድ አርፈን ነበር። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። ከመንገደኛው ጋር የአንዲት ልጅ አስከሬን እንደምንጭን ተነግሮናል፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ታማ የሞተች ልጅ ናት። ወንድሟ ሊወስዳት መጥቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የተዋሰው የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሶ። አስተናጋጇ ውሃ ስትሰጠው እህቴ ገብታለች ወይ ብሎ ብቻ ጠየቃት። እሷም መጥታ እኔን ጠየቀችኝ።

ልጅ ሆኜ ያጫወትሽኝን ታስታውሻለሽ? አስከሬን ሲጫን የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይቆም ነበር ብለሽኛል። ካፒቴን የሆንኩ ዕለት ስደውልልሽም እንኳን ደስ ያለህ ከማለትሽ በፊት አንተም እንደዚያ አድርግ ነበር ያልሽኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላስቀረሁም። ያን ቀን ነዳጁ አጓትቶኝ ዘግይቼ ወረድኩና የጭነቱ በር አጠገብ ቆምኩ። ሻንጣው ገባ፣ ካርቶኑ ገባ፣ የብርድ ልብስ ጥቅሉ ገባ። ከዚያ በሩን ሊዘጉት ያዙት። ሳጥኑን ግን አላየሁም።

የጫኞቹ አለቃ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ደንዳና ሰው ነው። ሳጥኑስ ብዬ በእጄ ስጠይቀው፣ ውስጥ ነው፣ ከሁሉ በታች፣ ሳትወርድ በፊት የጠዋት ተረኞች አስገብተውታል አለኝ፣ እሱም በእጁና በተሰባበረ እንግሊዝኛ። የጠዋት ተረኞቹ ደግሞ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ማጣራት የሚቻለው የተጫነውን በሙሉ አውርዶ ነው። ያ ከሆነ የመነሻ ተራችን ያልፋል። የተወሰነልን የሥራ ሰዓት ካለቀ ደግሞ መብረር በሕግ ክልክል ስለሆነ ያን ሁሉ ሰው ይዘን እዚያው ማደራችን ነው። የድርጅታችን ወኪል በስልክ፣ ባትኖርም በሚቀጥለው በረራ ትመጣለች፣ ተነሳ አለኝ። የሚቀጥለው በረራ ከሳምንት በኋላ ነው። ረዳት አብራሪዬ ቁጥብ ልጅ ነው፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው አለኝ።

እማዬ፣ ፈራሁ። ውስጥ ሕፃናት በሙቀት ያለቅሳሉ። ሳጥኑ ከታች ከተገኘ ያን ሁሉ ሰው በከንቱ ያንገላታሁ ሞኝ መሆኔ ነው። ከሌለ ግን ያ ልጅ እህቴን ይዤ መጣሁ ብሎ ለቀስተኛ ከሞላው ደጅ ባዶ እጁን ሊደርስ ነው። ይውረድ አልኩ።

ማይክሮፎኑን ይዤ ለመንገደኛው እውነቱን ነገርኩት። እኛ እንዲህ አናደርግም፤ በቴክኒክ ምክንያት ብለን ነው የምናልፈው። አንድ ሰውዬ ሥራዬ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ጮኸ። ፊቱ የተቀመጡ ሽበታም እናት ዘወር ብለው፣ አንተን ቢሆን ጥለንህ እንሂድ ወይ አሉት። የሟቿ ወንድም ተነስቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ።

ዕቃው ተራግፎ ሲያልቅ ወለሉ ባዶ ነበር። የባለ ፊሽካው ፊት አመድ መሰለ። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። የጠዋት ተረኞቹ አስከሬን የሚያስገቡት መጨረሻ ላይ ነው፣ ዕቃ እንዳይጫነው ብለው። የከሰዓቶቹ ደግሞ ገና ሲጀምሩ ያስገባሉ፣ እንዳይረሳ ብለው። ጭነቱ ተጋምሶ ተረኛ ሲቀየር የጠዋቶቹ ለመጨረሻ አቆይተዋት ሄዱ፣ የከሰዓቶቹ ቀድማ ገብታለች አሉ፤ ሁለቱም ለክብሯ አስበው መሀል ላይ ጣሏት። የተገኘችው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ጋሪ ላይ፣ ሳጥኗ ላይ የሰው ሻንጣ ተደርቦባት ነው።

ሲያመጧት ባለ ፊሽካው ከጋሪው ፊት ፊት በእግሩ ይሄድ ነበር፣ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ። አጠገቤ ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፣ አንጀቴ አልቻለም። ወንድሟን ከአውሮፕላኑ አስወረድኩት፤ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ጎን ለጎን ቆምን። ጫኞቹም ማንም ሳያዛቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጁ ሳጥኑን አንዴ በመዳፉ ነካ አደረገና፣ በቃ እንሂድ አላት።

ሰዓታችን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ተራ ተሰጥቶን ተነሳን። አሁን ስለ መዘግየቱና መንገደኛ ስለ ማስወረዴ አስረዳ ተብዬ ተጠርቻለሁ። በማስጠንቀቂያ ሊያልፉኝ ይችላሉ፣ ከካፒቴንነት ሊያወርዱኝም ይችላሉ። አልከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ እዚህ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ታውቂያለሽ። ነገ ያው ቢገጥመኝ ግን ያንኑ ነው የማደርገው። አንቺው ነሽ ያበላሸሽኝ!

እህቴን ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒትሽን ፊቷ እንድትውጪ አዝዣታለሁ። አጎቴን ሰላም በይልኝ፤ አውሮፕላን በራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ ላለኝ፣ እሱንም የሚገፋው የመሬት ሰው ነው በይልኝ። የእህቴን ልጆች ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ትንሿን ደግሞ ሁለቴ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እንዳትቀየመኝ፣ ለብቻዋ ሰላም በያት።

አንድ አደራ አለኝ። የልጅቱ ቤት ከእናንተ በአውቶቡስ ብዙ አይርቅም፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን ነው ብሎኛል ወንድሟ። ስንለያይ፣ እናቴ በሰው አገር ማን ነበራት ብላ ትጠይቀኛለች፣ ምን እላታለሁ አለኝ። ጉልበትሽ ከቻለ ሄደሽ ለቅሶ ድረሽልኝ። የማን እናት እንደሆንሽ መናገር አያስፈልግሽም። የሻንጣው ነገርም ከአፍሽ አይውጣ። ስትጫን ግን ቆመን ነበር በያት።

አብራሪው ልጅሽ

ከኪራይ ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 9 ቀን