ከሟቾች ፎልደር ውስጥ

ለተከበሩ የመሬት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ በቅድሚያ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። ሞታለች መባሌን ሰምቻለሁ። አልሞትኩም። የሞተው አንድ ልጄ ሞቲ ነው፤ ባለፈው ታኅሣሥ፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰልፍ ቀን፣ ዓለም ገና ከተማ፣ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ።

የወሬው ምንጭ የመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ስለሆነ ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጥቅምት ላይ እግሬን አሞኝ ስለነበር የይዞታ ማረጋገጫዬን ሞቲ ይዞልኝ መጣ። ጸሐፊዎ ሄመን ወረቀቱን ስካን ካደረገች በኋላ በእኔ ስም ፎልደር በመክፈት ፈንታ «ሞቲ» የሚል ከፍታ ከተተችው። ኋላ ስጠይቃት ያመጣውን ሰው ስም ማስታወስ ይቀላል አለችኝ። እኔ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃችን ወረቀት የባለቤቱ እንጂ የተሸካሚው አይደለም ይሉን ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ሳያርም ምሳ አይወጣም ነበር። ኮምፒውተር ስላልነበረን ማሰብ ነበረብን።

፪. ልጄ ሲሞት ሄመን፣ ምስጋና ይድረሳትና፣ ሳትዘገይ ፎልደሩን ጎትታ «የሞቱ» ወደሚል ሌላ ፎልደር አስገባችው። ፎልደር ሲሄድ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እኔም ሄድኩ። የጎረቤቴን የወርቅቱንም ወረቀት ያመጣላት እሱ ስለነበር እሷም አለችበት። ገበያ አግኝቼ ነገርኳት፤ ጎመኗን ማሰር አላቆመችም።

፫. ከዚያ ፎልደር ዝርዝር ወጥቶ «ወራሽ የሌላቸው ይዞታዎች» ተብሎ በርዎ ላይ ተለጠፈ። በተፍኪ በኩል ያለው ማሳዬ ስድስተኛ ተራ ላይ ነው። እስከ ግንቦት ሠላሳ ተቃዋሚ ካልቀረበ ለባለሀብት ይተላለፋል ይላል። ቀረብኩ። ሄመን በአክብሮት ብድግ ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ እዚህ ሞተዋል፤ የሞተ ሰው ማመልከቻ እንዴት ልቀበል?» አለችኝ። ወንበር ስለሰጠችኝ አመሰግናለሁ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት አገልግሎት እሱ ነው።

ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ። ስሜ ከልጄ ስም ሥር ተቀምጧል። ብዙ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ቦታው አላስከፋኝም። ማሳው ግን መታረስ አለበት፤ ሰኔ እየመጣ ነው።

ስለዚህ የእኔን ወረቀት አውጥተው በስሜ፣ የወርቅቱንም በስሟ እንዲያስቀምጡልን እለምናለሁ። የልጄን ፎልደር ባለበት ይተዉት። እሱ ላይ አልተሳሳታችሁም።

ሰውን ያለ ሬሳ፣ ያለ ለቅሶና ያለ ድንኳን መቅበር ስለቻለው ትጋትዎ በመደነቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በመዝገብዎ ሟች፣ በቤቷ ነዋሪ
ደጊቱ ደቻሳ
ሰበታ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ እንዳይደነግጡ ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን አስቀድሜ ላሳውቅዎ። በአሥራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ። የዕድራችንን ጸሐፊ ኦቦ ገብረየስን ከቤታቸው እወስዳለሁ፤ ለሞቲ ድንኳን መተከሉን፣ ለእኔና ለወርቅቱ ግን አለመተከሉን የሚያሳየውን መዝገብ ይዘው ይወጣሉ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ እስካሁን ሳይሞት የተመዘገበበት ሰው የለም። ወርቅቱን እጠራለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም በርዎ ላይ እንገኛለን። እንደ ልማድዎ አርፍደው ቢገቡም ግድ የለም፤ ሟች የሚቸኩልበት የለውም።