የላንድሮቨሩ ፓራፋንጎ

ሸረፈዲን፣
ዛሬ ጠዋት ሼህ አብዱልወሀብ፣ ሀጅ በሺርና ቤቱን ላሳያቸው የሄድኩት እኔ ሰኞ ገበያ ሰፈር ከከሪማ አባት ደጃፍ ቆመን ነበር። ከሪማን ሊጠይቁልኝ ነው፤ ሽምግልናው እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ምክንያት ቀርቶ ወደ ዛሬ ተላልፎ ነበር። አንተ የዝናቡን ኩሬ በላንድሮቨርህ ሰንጥቀህ አለፍህ።

ከኋላ ፓራፋንጎው ስር ጭቃ እንዳይረጭ የሚንጠለጠለውን ላስቲክ «ይንኳኳብኛል» ብለህ ፈትተኸዋል። ጭቃው ሁሉ የሽማግሌዎቹ ነጭ ጀለቢያ ላይ አረፈ። ሼሁ «ያረቢ! በዚህ ልብስማ የሰው ልጅ አይጠየቅም» ብለው ተመለሱ።

ላስቲኩ አልጋህ ስር ነው። ዛሬውኑ እሰረው።
ፓራፋንጎው ውስጥ የተጋገረውንም ጭቃ ፍቀህ እጠበው፤ ቆርቆሮውን እየበላው ነው።

አብረን እየኖርን ሽማግሌ እንደምልክ ሳልነግርህ የቀረሁት አፍሬ ነው።
ዛሬ እህቴ ጋ አድራለሁ።

ጀለቢያዎቹን አጥቤ በካውያ አደረቅኋቸው። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ተመልሰው ሲሄዱ የከሪማ አባት ቀድመዋቸው ከኮምቦልቻ ለመጡ ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሰጥተው ነበር።

ማረው