ለጥገና የተነቀሉት በሮች

ለውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ ከጓዳሽ እስከ ደጃፍሽ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ማታ ማታ የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የግራ ጆሮሽስ? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ሥራዬም፣ ጤናዬም፣ ቤቴም በቦታቸው ናቸው። «ቤቴም» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው አጎቴ እንደሚያነቡልሽ አውቃለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በግቢያቸው የኋላ ክፍል ተከራይተሽ ስትኖሪ፣ የእኔን ደብዳቤ ማንበቡንም ያንቺን መልስ መጻፉንም ያለ መሰልቸት የተሸከሙት እሳቸው ናቸውና ሰላምታዬ በእጥፍ ይድረሳቸው። አጎቴ፣ ደብዳቤው ዛሬ ረዘም ስለሚል ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ መስመር ሳይዘሉ በእርጋታ ቢያነቡልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ክፍልሽ አንድ አልጋ ይጨምራል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ያ ክፍል ሰሞኑን የደረሰበትን ልንገርሽ፤ ያለዚያ መልሴ ጎደሎ ይሆናል።

የምኖርበት ግቢ ሦስት የኪራይ ክፍሎች አሉት። በመግቢያው በኩል አናጢው ከነመጋዙ ይኖራል፤ መካከለኛው የነርሷ ነው፤ የዳሩ የእኔ። ባለቤቱ ስማቸው ሌላ ቢሆንም እኛ እርስ በርሳችን «አቶ ነገ» እንላቸዋለን። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ «ነገ»፤ የነርሷ በር ወለሉን እየፋቀ አልዘጋ ሲል «ነገ፣ ልጄ፣ ነገ»፤ የግቢው አምፖል ሲቃጠል «ነገ ጠዋት»። ክፉ ሰው አይደሉም። ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ የሁላችንንም ጤና ሳይጠይቁ አይሄዱም። ብቻ ሥራ የሚባል ነገር ከዛሬ ጋር አይጣጣምላቸውም።

ከዚያ አንድ ደላላ ግቢውን የሚገዛ ሰው አመጣላቸው። ገዢው ግቢውን የሚፈልገው ባዶውን ነው። አቶ ነገ መጀመሪያ ነገሩን በጨዋታ መልክ ሞከሩት፤ ለነርሷ ከሆስፒታሉ አጠገብ የተሻለ ቤት እንዳዩላት ነገሯት፤ አናጢውን መዶሻው ጎረቤት እንደሚያውክ አጫወቱት፤ ለእኔ ደግሞ የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ግቢ ሲኖር ማየት እንደሚያሳዝናቸው ገለጹልኝ። ሦስታችንም አመሰገንናቸው። የወጣ ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዘው መጡና የሦስቱንም ክፍሎች በር ከማጠፊያው እየነቀሉ ወስደው በመጋዘናቸው ቆለፉበት። ነርሷ ሌሊት ሥራ ላይ አድራ ገና መተኛቷ ነበር፤ ዓይኗን ስትገልጥ በበሩ ፋንታ የአቶ ነገን ጀርባና ግማሽ ሰማይ አየች። ምን እየሆነ እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ በሮቹ ስላረጁ ለጥገና እንደተነሡ፣ እስኪጠገኑም ድረስ እያንዳንዳችን ዘመድ ዘንድ ብንቆይ እንደሚሻለን መክረውን ሄዱ።

«እኚህ ሰውዬ ዛሬን ከየት ተማሯት?» አለ አናጢው፣ መዶሻውን እያነሣ። መጋዘኑን ሰብሮ በሩን ሊያወጣ ነበር። ነርሷ በበኩሏ ድስቶቿን በአንሶላ መጠቅለል ጀምራለች። ለምን እንደምትቸኩል ብጠይቃት «የሰው ቤት ነው፣ ምን ይደረጋል» አለችኝ። ያንቺን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ደነገጥሁ።

እናቴ፣ አልተቆጣሁም ብል እውነት አይሆንም። ነገር ግን ቁጣዬን ወደ ጎን አድርጌ ነገሩን በዝርዝር ተመለከትሁት። ኪራዩን የሚከፍል ተከራይ ፍርድ ቤት ሳይወስን ከቤቱ አይወጣም። ባለቤቱ ውኃ ቢቆርጥ፣ ቁልፍ ቢለውጥ ወይም በር ቢነቅል ሕጉ በጉልበት እንደማስወጣት ይቆጥርበታል። ይህን አቶ ነገም ያውቃሉ። ስለዚህ እኛን ማስወጣት አልፈለጉም፤ የፈለጉት በራሳችን እግር እንድንወጣላቸው ነው። በር በሌለው ክፍል ማን ይተኛል? ዕቃውንስ ጥሎ ማን ሥራ ይሄዳል? ከሄድን በኋላ «እኔ መች ውጡ አልኩ፣ በፈቃዳቸው ለቀቁ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራቸው። በፈቃዱ የወጣን ሰው ደግሞ ሕግ ከመንገድ አይመልሰውም።

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ የነጋዴዎችን ሚዛን እመረምራለሁ። ሚዛኑ የተዛባበትን ነጋዴ «ሌባ ነህ» ብሎ የሚጀምር መርማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። ነጋዴው ይምላል፣ ይገዘታል፣ ጎረቤት ይሰበስባል፣ ሚዛኑም በግርግሩ መሐል ይሰወራል። እኔ የምጀምረው በጥያቄ ነው፤ «ሚዛንህ ትክክል ነው?» «እንዴታ!» ይለኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በኋላ የራሴን የብረት መመዘኛ አውጥቼ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ሌላው የሚዛኑ ሥራ ነው።

ለሁለቱም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ማንም ከክፍሉ አይውጣ፣ ማንም አቶ ነገን ውሸታም አይበላቸው፤ ጥገና ካሉ ጥገና ነው። አናጢው ትክ ብሎ አየኝና «ዩኒቨርሲቲ አእምሮ ያሳሳል ሲሉ አላምንም ነበር» አለ። ቢሆንም መዶሻውን አስቀመጠ። በየበሩ ክፍተት ላይ አንሶላ ሰቀልን፤ አንዱ ሥራ ሲሄድ ሌላው የሁሉንም ዕቃ ይጠብቅ ነበር። አናጢው የነርሷ አንሶላ ፊት ቆሞ በአፉ «ኳ ኳ» ሳይል አይገባም፤ እሷም «ማን ነው?» ሳትል አታስገባውም። ሳቅ ባይኖር ኖሮ ያን ሳምንት እንዴት እንደምንዘልቀው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አቶ ነገን የሰፈሩ ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ በሮቹን የወሰዱት ሊጠግኑልን ነው አይደል?» አልኳቸው። ፖሊሱን አየት አደረጉና «ታዲያስ ልጄ፣ ለእናንተ ብዬ እንጂ» አሉ። አመሰገንኳቸው፤ ፖሊሱም የሰማውን እንዲይዝልኝ ለመንሁት። ከዚያ ቀጥዬ ወደ ፍርድ ቤት ሄጄ አቤቱታዬን አስገባሁ።

ረቡዕ ተጠርተን ቀረብን። አቶ ነገ ካባቸውን ደርበው፣ ደላላውን አስከትለው፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ዘና ብለው ገቡ። ዳኛዋ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ተከራዮቹ እንዲለቁ ጠይቀው እንደሆነ ጠየቋቸው። አቶ ነገ በጭራሽ እንዳልጠየቁ፣ እኛ እንደ ልጆቻቸው እንደሆንን፣ በሮቹን የነቀሉት ደኅንነታችን ስለሚያሳስባቸው ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ደላላው ከኋላ ወንበር ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልሰሙትም። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው የምቃወመው ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። የሚሉት ሁሉ ትክክል እንደሆነ፣ እኛም በሮቹን ብቻ እየጠበቅን እንደሆንን መለስሁ።

«እንግዲያው ጥገናው መቼ ያልቃል?» አሉ ዳኛዋ።

እናቴ፣ ያን ጊዜ አፋቸውን እያየሁ ነበር። ቃሉ ዕድሜ ልኩን በሄደበት መንገድ ሲወጣ አየሁት።

«ነገ» አሉ አቶ ነገ።

ዳኛዋ «መልካም» ብለው ጻፉ። በሮቹ በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጠግነው በየቦታቸው እንዲገጠሙ፣ ባለቤቱ ራሳቸው እንዳረጋገጡት እንድንለቅ የተጠየቅነው ነገር ስለሌለም ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማንም እንዳይነካን አዘዙ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል የሚባለው ለካ እንዲህ ኖሯል። አቶ ነገ ነገ በእርግጥ የሚመጣ ቀን መሆኑን ያን ዕለት የተረዱ መሰለኝ። ዞር ሲሉ የደላላው ወንበር ባዶ ነበር።

በአንድ ቀን ሦስት በር የሚያድስ አናጢ ከወዴት ይገኛል? ከግቢያቸው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ነገ ከአናጢው አንሶላ ፊት መጥተው ቆሙ። እሱ ከውስጥ «ሳያንኳኩ አይገባም፣ ጋሼ» አላቸው። ግራና ቀኝ አዩ። እኔና ነርሷ ሌላ ነገር የምንመለከት መሰልን። ከዚያ በአፋቸው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ኳ ኳ» አሉ።

ሐሙስ ማታ ሦስታችንም በር ዘግተን ተኛን። የነርሷ በር አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። እሷ ግን ታማርራለች፤ በሩ ወለሉን እየፋቀ ሲጮህ ነበርና የሚቀሰቅሳት፣ አሁን ሥራ ማርፈድ እንደጀመረች ትናገራለች። አቶ ነገም ሲመጡ እንደ ድሮው ጤናችንን ይጠይቃሉ፤ ስለ ቧንቧው ብናነሣባቸው ግን ያቺን «ነገ»ን ወደ ውስጥ ይውጧታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ክፍሌ አንድ አልጋ ይጨምራል። ልትጠይቂኝ በመጣሽ ቀን አንቺ በእኔ አልጋ፣ እኔ በፍራሽ እንተኛለን። የራስሽን አልጋ ማስጫን ግን አያስፈልግሽም። በደብዳቤሽ ላይ፣ አጎቴ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው እንደገለጹልኝ፣ የክፍልሽ ጣሪያ ስላረጀ ሊነሣ ነውና እስኪጠገን ድረስ ከነአልጋሽና ከነሳጥንሽ እኔ ዘንድ ብትቆዪ እንደሚሻል ተጽፏል። «በደስታ ነው የምለቀው» የሚል መስመርም አለበት። አንቺ ደስታሽን «ተመስገን» ብለሽ ነው የምትገልጪው፤ ምናልባት በጽሑፍ ሲሆን ቃል ይለወጥ ይሆናል። ጣሪያው መጠገኑ አስደስቶኛል። ያልገባኝ የአልጋው ጉዞ ብቻ ነው። ጣሪያ የሚጠገነው ከላይ ነው።

ስለዚህ ሳጥንሽን አትሰብስቢ። ኪራይሽን እንደ ወትሮሽ በጊዜው ክፈዪ፤ ስትከፍዪም ጎረቤት ይኑር። ለጥቂት ጊዜ ብትወጪ እንኳ ቁልፍሽ ከእጅሽ አይለይ። «የሰው ቤት ነው» የሚለውን ቃልሽን አከብራለሁ፤ ቤቱ በእርግጥ የሰው ነው። ኪራይ የከፈልሽበት በር ግን ያንቺ ነው።

አጎቴ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉላት፤ የግራ ጆሮዋን ያውቁታል። እርስዎ ወንድምዎን በክብር የቀበሩ፣ ለእናቴም ጥግ የሆኑ ሰው ነዎትና ጥገና ካሉ ጥገና መሆኑን አልጠራጠርም፤ ለሰው ሁሉም እንዲሁ እያልኩ እናገራለሁ። ጣሪያው ተነሥቶ የሚመለስበትን ቀን በሚቀጥለው መልስዎ ቢጽፉልኝ በዚያው ቀን መጥቼ ሥራውን አያለሁ። አናጢውም አብሮኝ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል፤ ለካ ጣሪያም ይሠራል።

እናቴ፣ ስለ እኔም ሆነ ስለ ራስሽ አታስቢ። ጣሪያሽ አያፍስስ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ የምትከፍቺውም የምትዘጊውም በር አይጥፋብሽ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

አክባሪሽ፣
የበኩር ልጅሽ

ግልባጭ፦
ለጎረቤታችን ለመምህርቷ፣ የአጎቴ መነጽር ድንገት የጠፋ እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነብልሽ ዘንድ።