የመርዶ ተራ

ኅዳር 14

የእድራችንን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ጨረስኩ። እሰይ! የእድሩ ዳኛ አቶ ዘካርያስ መነጽራቸውን አድርገው «በይ እስቲ አሳይን» አሉ።

ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ አባልና ዘመዱ ስም አጠገብ ሁኔታው ይጻፋል፦ «በሕይወት አለ»፣ «ታሟል»፣ «አርፏል»። ጸሐፊው መሐሪ አንዱን ሲቀይር ተከትለው የሚጠሩ ሥራዎች አሉ፤ ኮልባክ እንላቸዋለን። አንዱ መርዶ ያልተረዳውን ቤተሰብ ለይቶ ያስቀምጣል፣ መልእክት እንዳይደርሰው። ሌላው ለቀረው አባል «ድንኳን ልንተክል ነው፣ ድረሱ» ብሎ ይልካል።

ለሙከራ ከኔ ስልክ በቀር የሌላውን ሁሉ ዘግቼ የአባባን ስም አስገባሁ። «ፈንታ፦ አርፏል»። ስልኬ ጮኸ። ሠራ! ብዬ ዘለልኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ወደ «በሕይወት አለ» መለስኩት። የሞኝ ነገር... ግን ወገዳ፣ አባባ ያለበት ገጠር ደወልኩ። ገብስ እየወቃ ነው። «ምነው በሥራ ቀን?» አለኝ። ዝም ብዬ ነው አልኩት። ሲስል ሰማሁ። አቧራው ነው አለ።

ኅዳር 22

የአከራዬ የእማማ ደጊቱ ልጅ ሚሊዮን ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ገብቷል። «ቀላል ነው አሉኝ» ይላሉ፣ ስልካቸውን ከእጃቸው ሳይለዩ።

ኅዳር 24

ምን ብዬ ልጻፍ...

ከሰዓት በኋላ እማማ ደጊቱ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ማንበብ አይችሉም። «አዲስዬ፣ ይቺ ነገር ጮኸች። ሚሊዮን ይሆን? እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። የራሴ ቃላት። «የወይዘሮ ደጊቱ ልጅ ሚሊዮን አርፏል። ድንኳን ልንተክል ነው፣ ድረሱ።»

«የዕጣ ማስታወቂያ ነው እማማ። መኪና ይደርስዎታል ይላሉ፣ ውሸታሞች።»

«ወይ እነሱ!» ስልኩን ተቀበሉኝ። ትንሽ ቆመው አዩኝ። ወጡ።

ለአቶ ዘካርያስ ደወልኩ። «ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ኅዳር 25

አረዷቸው። ቄሱም ነበሩ። እማማ አልጮኹም። ቀና ብለው እኔን ብቻ አዩኝ።

ኅዳር 28

ስህተቱን አገኘሁት። ኮልባኮቹ ከላይ ወደ ታች ይጠራሉ ብዬ ነበር የደረደርኳቸው። ለካ እኔ በምሠራበት መሣሪያ፣ ከምዝገባው በኋላ የሚጠሩት ከታች ወደ ላይ ነው! መላኪያው ቀደመ። ቤተሰቡን የሚለየው ኋላ መጣ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

በሙከራውም ቀን እኮ ታይቶ ነበር። ስለ አባባ የተላከው የኔ ስልክ ላይ ጮኸ። እኔ ልጁ አይደለሁ? ሊደርሰኝ አይገባም ነበር። ሠራ ብዬ ዘለልኩ። አይ አዲስዓለም!

ታኅሣሥ 2

ሄጄ ነገርኳቸው። «ያን ዕለት ዋሸሁዎት። መልእክቱም የኔ ሥራ ነው።»

«ዐውቄያለሁ ልጄ። ፊትሽ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ለኔ ብለሽ ስትዋሺ አሳዘንሽኝ። ብቻዬን ይዤው አደርኩ። መርዶ በሰው መሃል የሚነገረው ለምን እንደሆነ ገባኝ... የሚይዝሽ እንዲኖር ነው።»

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ይቅር አሉኝ? እንጃ። «ተነሺ፣ እራት ብዪ» ነው ያሉኝ።

ታኅሣሥ 6

ተራውን ብቻ ማመን ቀረ። ከ«አርፏል» ቀጥሎ የሚመጣ አዲስ ሁኔታ ጨመርኩ፦ «ተረድተዋል»። መርዶ ከሚነግሩት አርጂዎች አንዱ በእጁ ካልነካው በቀር ወደ ቤተሰቡ ስልክ ምንም አይሄድም። ከ«አርፏል» ወደ «በሕይወት አለ» የሚመልሰውንም መንገድ ዘጋሁት። መሐሪ «በስህተት ብነካስ?» አለ። «ሁለቴ ይጠይቅሃል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም» አልኩት።

እማማ ደጊቱ ሰምተው «እኔም ከአርጂዎቹ ልሁን» አሉ። ማንበብ አይችሉም እንጂ የሚነካውን ቦታ መሐሪ አሳያቸው።

ታኅሣሥ 14

እሑድ ነበር፣ አባባ ሳይደውል ዋለ። እኔም ብሞክር አይገባም። ኔትወርክ ይሆናል። ወገዳ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ 23

ከቀብር ተመለስኩ። ብዕር የማነሳው ዛሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሰው ሁሉ ስልኩን አይቶ ኪሱ ይከታል። መሐሪ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ተቀይሞኝ ይሆን? አልኩ። ማታ እማማ ደጊቱ «ዛሬ እኔ ጋ እደሪ» አሉኝ። «ምነው?» «በረደኝ።» አብረን ተኛን።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። አቶ ዘካርያስ፣ ቄሱ፣ መሐሪ። ስልኬን አነሳሁ። ምንም የለም። ለሁሉም ደርሶ ለኔ ብቻ ያልደረሰ... ያኔ ገባኝ። እማማ ከኋላዬ አቀፉኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ...»

ጮኽኩ። እሳቸው አለቀቁኝም።

ዛሬ መዝገቡን ከፈትኩት። ከወገዳ ለአቶ ዘካርያስ ደውለው መሐሪ ሰኞውን ጽፎት ኖሯል። «ፈንታ፦ አርፏል። ቤተሰቡ ተረድተዋል።» የነካችው እጅ የእማማ ናት። እንደ ሙከራው ቀን «በሕይወት አለ» የሚለውን ተጫንኩ። እምቢ አለ። ደግሜ ተጫንኩ። አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት። አባባዬ...

«አዲስዬ!» እማማ ናቸው፣ ከወዲያ። «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እንጂ!»

መጣሁ አልኳቸው።