አሥር ወይስ አምስት መቶ

ይድረስ ለማከብርዎ እማማ፣ ለባሌ እናት፣ አሁን አሁን ግን ከእሱ ይልቅ ለእኔ ለሚያደሉት፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? ልጅዎስ ቁርስ ሳይበላ መውጣቱን ተወ ወይስ እኔ ስሄድ ባሰበት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የማድረው ከአንዲት ሠልጣኝ ጋር ነው፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ስታንኮራፋ ግን ጣሪያው ይነሣል። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ ልጆቹ "እናታችን" እያሉ ይጠሩኛል። ምን አደርጋለሁ፣ ስቄ አልፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለልጅዎ ያልላክሁት አስቤበት ነው። ጎረቤታችን ነርሷ ለስብሰባ እዚህ መጥታ ስላገኘኋት በእሷ እጅ ሰደድኩት። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንድታነብልዎ ለምኛታለሁ። አደራ በላ እንዳልሆነች ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

እማማ፣ የማመሰግንዎ ነገር አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ የምጠይቅዎ አለ። ሁለቱም ከዚያው ከፈተናው ነገር ነው።

የጽሕፈት ክፍላችን ሊዘጋ ነው የተባለ ጊዜ እንዴት እንደነበርኩ ያስታውሳሉ። ኮምፒውተር ክፍል ስድስት ቦታ አለ፣ በፈተና የሚያልፍ ሠልጥኖ ይገባል፣ የቀረው ይሰናበታል አሉን። አርባ ሦስት ሰው ተመዘገብን። እኔ ደግሞ የዕድሜው ገደብ ሊያልፈኝ የቀረኝ ያው ዓመት ብቻ ነበር። ልጅዎ "ተይው፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን አደከመሽ" አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቅስሜ ስብር አለ። እርስዎ ግን እሱ እስኪወጣ ጠብቀው፣ "እስቲ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ፈልገሽ አምጪ" አሉኝ።

ከፎቶኮፒ ቤት የአሥራ ሁለት ዓመት ጥያቄ ያለበትን ጥራዝ ገዛሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የገዛው ያንኑ ነው። እኔ ራሴን ስለማውቀው፣ መልስ አጠገቤ ካለ እጄ አያርፍም፤ ስለዚህ የመልሶቹን ገጾች በምላጭ ቆርጬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና በሙጫ አሽጌ ለእርስዎ ሰጠሁ። አራሚዬ እርስዎ ይሁኑ ስልዎ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ሀንና ለን መለየት አያቅተውም ብለው ኮራ አሉብኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሃምሳውን ጥያቄ በአንድ ሰዓት እሠራለሁ። እርስዎ መስኮቱ ሥር ወንበርዎ ላይ፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ወረቀትዎን ይዘው ይቀመጣሉ። "ቁጥር አንድ?" ይላሉ። መልሴን እናገራለሁ። "ለምን?" ይላሉ። ወይ ጉድ፣ ያቺ "ለምን" ስንቴ አንገብግባኛለች! ኮምፒውተር ነክተው ለማያውቁ ሴትዮ መረጃ እንዴት እንደሚደረደር ማስረዳት ቀላል መሰለዎት? መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን በታጠቡት ሳህኖች ባሳየሁዎት ቀን፣ "ይህንን ለማወቅ ነው ፈተና የሚቀመጡት?" ብለው ያሳቁኝን አልረሳም። ጨርሼ ስናገር "ልክ" ወይም "ስህተት፣ ነገ ተመለሺበት" ይሉኛል። ትክክለኛውን ይንገሩኝ እያልኩ ብነዘንዝዎ፣ ከነገርኩሽ ትሸመድጂዋለሽ ብለው እምቢ አሉ። እኔም ተነጫንጬ ሄጄ ማታውኑ ምክንያቱን ፈልጌ እመጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን "ለምን" አላሉኝም። አንድ ሺህ ስም በፊደል ተራ ቢደረደር፣ እየከፈሉ በመሃል በመሃሉ ቢፈልጉ፣ ቢበዛ ስንት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል የሚለው ነው። አሥር አልኩ። "ልክ ነው" አሉ ወዲያው፣ ከዚያም በካርድ ክፍሉ እንዴት እንደነበር ያጫውቱኝ ጀመር፤ መሃሉን ገልጦ፣ ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ፣ ግማሹን መተው፣ የቀረውን ደግሞ መክፈል። በሽተኛው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ካርዱ ይወጣ ነበር አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ትምህርቱ የዚያን ቀን ገባኝ።

ይኸው ጥያቄ ፈተናው ላይ መጣ። ቃል በቃል! አሥር የሚለውን መርጬ እየሳቅሁ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ግን ሰዉ ተሰብስቦ መልስ ያመሳክራል። እኛ መዝገበ ቃላቱ የምንለው፣ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ፣ "አምስት መቶ ነው፣ መልሱ ገጽ ላይ አምስት መቶ ይላል" አለ። ሁሉም አዎ አዎ አሉ። ሁሉም! ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እርስዎ መልሱን በእጅዎ ይዘው ስህተቴን ልክ ነው እንዳሉኝ ቆጠርኩት።

ቤት ገብቼ ያልኩዎትን እዚህ መድገም ያሳፍረኛል። እኔ እርስዎን አምኜ እንጀራዬን አጣሁ፣ የማያውቁትን ነገር ማን ያዙ አለዎት አልኩ። ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። እርስዎ ሻይዎን አስቀምጠው፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ "የሰማሁት ልክ ነበር" አሉኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን አኮረፍኩዎት፣ ሰላምታ እንኳ ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ ውጤቱ ተለጠፈ። ስድስተኛ። መዝገበ ቃላቱ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሰባተኛ። ለካ ፎቶኮፒ ቤቱ ሲተይበው ነው የተሳሳተው፤ ትክክለኛው መልስ አሥር ነበር። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ይባል የለ? ያ ሁሉ ሰው አምስት መቶን ሸምድዶ ገባ። መዝገበ ቃላቱ አሳዘነኝ፣ አልዋሽም፤ ግን የዚያን ቀን እየዘለልኩ ቤት መጥቼ እንዴት እንዳቀፍኩዎት ያውቃሉ።

ይቅርታውን ግን ያኔ በቅጡ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ገና ግማሹን ነበር የማውቀው። ለጉዞ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ መርፌና ክር ፍለጋ መሳቢያዎን ከፈትኩ። ፖስታው እዚያ አለ። ሙጫው እንዳለ ነው፣ ጥጉ እንኳ አልተነካም። ከላዩ ላይ በየቅዳሜው ይዘውት የሚቀመጡት ወረቀት ተቀምጧል፤ ገልብጬ ባነበው የውኃ ቧንቧ ጥገና ማስታወቂያ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ እማማ። ፖስታውን ቀድጄ አሥራ ሁለቱንም ፈተና አንድ በአንድ አረምኩ። የመጀመሪያውን አሥራ ዘጠኝ ብለውኝ ነበር፤ ሃያ አንድ ሆነ። የመጨረሻውን ሠላሳ ስምንት ብለውኛል፤ ያቺን የተሳሳተች አምስት መቶ በአሥር ተክቼ ብቆጥረው ልክ ሠላሳ ስምንት። በጣም የራቀው በአራት ነው።

እንዴት እንዳደረጉት የገባኝ እዚህ ከመጣሁ ነው። አብራኝ የምታድረው ሴት ባለፈው እያጠናን ሳለ "አንቺ ስትጠራጠሪ ጉሮሮሽን ትጠርጊያለሽ" አለችኝ። እኔ ስለ ራሴ አላውቀውም ነበር። ለካ እርስዎ አራት ወር ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። ወረቀት ቢያርመኝ ኖሮ ወረቀቱ ሌሎቹን እንዳሳሳታቸው እሳሳት ነበር፤ ይህ እንጀራ ከጆሮዎ የወጣ ነው፣ በየትም ብዞር እንዲህ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ስለጮህኩብዎ ደግሞ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ክሩን መርፌው ውስጥ አንቺ ክተችልኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ይሉኝ የነበረውን አሰብኩት። እጅዎ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ የመርፌው ቀዳዳ ነው የጠፋብዎ። ልጅዎ ካወቀ ብቻዬን ከደጅ አያስወጣኝም ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እደብቅ ነበር። ለእሱ አልነገርኩም፣ ሳይፈቅዱም አልናገርም። ግን ነርሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ለወሩ መጨረሻ ዓርብ ቀጠሮ አሲዛልናለች። የየትኛው ሐኪም እንደሆነ አልጽፍም። በጊዜ ከተደረሰ ቀላል ነው፣ በሁለተኛው ቀን ቤት ይገባል ብላኛለች። ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ ሐሙስ እመጣለሁ።

ልጅዎ የት ትሄዳላችሁ ካለ፣ ምራቴ አሟት ላሳክማት ነው ይበሉት። መንገድ ስንሻገር ክንድዎን እይዛለሁ፤ የሚያይ ሰው ካለ መኪና የምፈራው እኔ ነኝ።

እስከዚያው ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። ነርሷንም ስላነበበችልዎ ያመስግኑልኝ።

የልጅዎ ሚስት፣ ልጅዎ