ሯጭ ቁጥር 2417 እና ‹ወንድማችን› ቁልፍ ሠሪው

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የግማሽ ማራቶን አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ምን ከርሟል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎ ደኅና ናቸው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። እኛ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ስንሮጥ እርስዎ ያን ሁሉ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁን ስላየሁ ነው፤ ብዙ መቀመጥ ወገብ ይጎዳል ይባላልና አሳስቦኛል። እኔ ደኅና ነኝ። አንድ የእግር ጥፍሬ ከመጥቆሩና በፊርማዎ ለሁለት ዓመት ከሩጫ ከመታገዴ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሳይተዋወቁ መካሰስ ነውር ነውና ራሴን ላስተዋውቅ። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። ሙያዬ ከአባቴ የወረስኩት ቁልፍ ሠሪነት ነው። ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። አለቃም ሠራተኛም እኔው ነኝ። አለቃዬ ክፉ ናት፤ የዓመት ፈቃድ ብጠይቃት ‹ማን ሊሠራልኝ ነው?› አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ሩጫ የጀመርኩትም በእሷ ጦስ ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ድስቷን እሳት ላይ ጥዳ በሩ ተቆለፈባትና ደወለችልኝ፤ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ስለነበር በእግሬ ሮጥኩ። በሩን ስከፍትላት እሷ ድስቷን ልታወርድ ገባች፣ እኔ ደረጃው ላይ ተዘርሬ ቀረሁ። ያን ቀን ነው ሳምባዬ ከቁልፎቼ በፊት መዛጉን ያወቅኩት።

ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ደርሼበታለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ላካችሁልን የልምምድ መመሪያ። ማክሰኞ እረፍት፣ ሐሙስ ፍጥነት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ ይላል፤ ከረጅሙ ሩጫ በኋላ ደግሞ ‹ቀኑን ሙሉ እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ› ይላል። ምክሩ የወርቅ ነው። ችግሩ የሰው ቁልፍ መመሪያችሁን አለማንበቡ ነው። ማክሰኞ እግሬን ልሰቅል ስል አንድ መምህር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይቆለፍበታል። እሑድ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጥቼ አራት በር ከፍቼ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ለግል ሠራተኛ የተዘጋ ስልክ የተዘጋ ሱቅ ነውና ስልኬን አልዘጋም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተማከርን። ሰፈሩ ‹መርፌ› ይላታል፤ በቅጥነቷ ይሁን በንግግሯ እስካሁን አልተወሰነም። እሷ ናት መላውን ያመጣችው፦ ልምምዱ ወደ ሥራው ካልመጣ ሥራው ወደ ልምምዱ ይምጣ አለች። ከዚያ ወዲያ ቀላል ቀላሉን መሣሪያ በወገብ ቦርሳ ታጥቄ ወደ ደንበኛ በሩጫ መሄድ ጀመርኩ። መርፌም ያለቀ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ አብራኝ ትሮጣለች። የሙሽራ ቀሚስ በመስቀያው ከፍ አድርጋ ይዛ ስትበር ያየ ሁሉ፣ ሙሽራዋ ጠፍታ ቀሚሱ ፍለጋ የወጣ ይመስለዋል። ደንበኞቼም በላብ ተጠምቄ ስደርስ ‹ለእኔ ብለሽ እንዲህ?› እያሉ እንባ ያቀርራሉ፤ ስለ ልምምዱ ነግሬያቸው ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም። እናቴ ብቻ በመስኮት እያየች፣ ‹አንቺ ልጅ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?› ትለኛለች። ማንም እንዳልሆነ ስነግራት ይብስባታል።

ስምንት ወር እንዲህ ሮጥን። ምኞቴ አንድ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በታች መግባት።

ሁለተኛ፤ ስለ ውድድሩ ቀን። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ሆኖን ነበር፤ በዚያው ብንዘልቅ ከሁለት ሰዓት ላይ አራት ደቂቃ ይተርፈናል። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። መርፌ እንኳ ወሬ ትታ ብቻዋን ትስቃለች። ይኼኔ ስልኬ ጮኸ።

የደወለው ሰው ከእኔ ይልቅ ያለከልካል። ሯጮች የሚገቡበት ትልቁ የስታዲየም በር ሰው እንዳይጋፋ ተብሎ በጓጉንቸር ተቆልፎ ኖሮ፣ ሊከፈት ሲል ቁልፉ ተሰብሮ ውስጡ ቀረ። ስልክ ቁጥሬን ያገኘው ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ከለጠፍኩት ማስታወቂያ ነው። መሪዎቹ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይደርሳሉ። ‹እባክሽ እህቴ፣ ባለሙያውን ቶሎ ላኪልን› አለኝ። ባለሙያው በዚያች ደቂቃ ብርቱካንማ ማሊያ ለብሶ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይሮጥ ነበር። እልካለሁ አልኩት።

መንገዱ እዚያ ጋ በስታዲየሙ ጀርባ ያልፋል፤ እስከ በሩ ስድስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ቆሜ አቅማማሁ። ስምንት ወር የለፋሁበት ሰዓት እጄ ላይ ነበር። ነገሩን ለመርፌ ስነግራት ግን አላቅማማችም።

‹ደንበኛ ነው፣ ሂጂ፤ እኔ እዚሁ ወረፋ ይዤልሽ እጠብቃለሁ› አለች።

በሩጫ ወረፋ እንደማይያዝ ላስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ተደረገልኝ አቀባበል። በሩ ጋ ስደርስ ስምንት የኮሚቴ አባላት ባጃቸውን አንጠልጥለው ጓጉንቸሩን ከበውታል። አንዱ መዶሻ ይዟል፣ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ከሦስቱ ቁልፉን ያልጎዳው እሱ ብቻ ነው። ጥበቃው ከሩቅ አይቶ፣ ከመስመር ወጥተሻል ተመለሺ አለኝ። ቁልፍ ሠሪዋ እኔ ነኝ ስለው ደረቴ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበና፣ ቁልፍ ሠሪው እየመጣ ስለሆነ እንዳላደናቅፍ መከረኝ። መከራከሪያ ደቂቃ ስላልነበረ ስልኬን አውጥቼ የደወለልኝን ቁጥር መልሼ ደወልኩ። ሁለት እርምጃ ፈንጠር ብሎ የቆመ የአንድ ባለ ባጅ ኪስ ጮኸ። ‹ባለሙያው ደርሷል፣ አሳልፉት› አልኩት።

አሳለፉኝ። የተሰበረ ቁልፍ ማውጣት የረጋ እጅ ይፈልጋል፤ የእኔ እጅ ግን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሮጦ መምጣቱን አልረሳም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይንቆረቆራል። አባቴ ‹ቁልፍ እንደ ሕፃን ነው፤ ከቸኮልሽ ያለቅሳል› ይል ነበር። ትንፋሼን ዋጥኩና ከወገብ ቦርሳዬ ባወጣኋት ቀጭን መንጠቆ ቁራጩን ይዤ ጎተትኩ፤ ሾለከ። እንደገና ያዝኩት፤ ወጣ። ቀጥሎ የውስጡን ጥርሶች አንድ በአንድ እያነሣሁ ስቆጥር ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። በሩ ተከፍቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መሪው ሯጭ እጆቹን ዘርግቶ በመሐላችን አለፈ። ያ ሰው ያለበት ስጋት ከኋላው የሚከተሉት ሯጮች ብቻ ይመስለው ነበር።

አባላቱ ተቃቀፉ። እርስዎም ከጥላው ወርደው የባለ መዶሻውን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ይገባዋል፣ መዶሻውን ለረጅም ሰዓት ይዟል። ለእኔ አንድ ሰው ፎቶው ውስጥ እንዳልገባ ዞር እንድል በትሕትና ነገረኝ። ዞር አልኩ፤ በመጣሁበት መንገድም ወደ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ተመለስኩ።

መርፌ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ። እያረፍሽ ነው ወይ ብለው ለጠየቋት ሯጮች ሁሉ ‹ሥራ ሄዳለች፣ ትመለሳለች› እያለች። ስታየኝ ተነሥታ ቀሚስ እንደምታራግፍ ቁምጣዋን አራገፈችና፣ ‹ከፊትሽ ሰው የለም፣ ግቢ› አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ከፊታችን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ነበር። ቀሪውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እንዴት እንደሮጥነው ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ሰዓቱ እንደሆነ አምልጦናል፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው እንዴት ይሮጣል መሰለዎት! የምናልፈውን ሰው ሁሉ እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋልሽ እያልን አለፍን።

ወደ ስታዲየሙ ስንገባ የውድድሩ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። ክቡር ሆይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ስንት በር እንደከፈትኩ አላውቅም። እከፍታለሁ፣ ባለቤቱ ይገባል፣ አመስግኖ ይዘጋል፤ እኔ ከደጅ እመለሳለሁ። በከፈትኩት በር ራሴ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቢያለቅሱ ይፈረድብዎታል? እኔ ላይም አይፈረድብኝ። መርፌ ግን ትስቅ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች። በአንድ ቀን፣ በአንድ ማኅተም፣ በአንድ በእርስዎ ፊርማ ደረሱኝ። የመጀመሪያው፣ ሯጭ ቁጥር 2417 በሃምሳ ሦስተኛው ደቂቃ፣ ከአንደኛው ሯጭ ቀድማ፣ በሩ ፊት በተነጠፈው የሰዓት መመዝገቢያ ምንጣፍ ላይ ስለ ተገኘች በማጭበርበር ለሁለት ዓመት ታግዳለች፣ ሜዳልያውንም ትመልስ ይላል። ስለ ብልህነቴ ያላችሁን ግምት አመሰግናለሁ። እንደ ኮሚቴው አባባል፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በሃምሳ ሦስት ደቂቃ አጭበርብሬ አንደኛ ልወጣ ስል ሐሳቤን ቀይሬ፣ ተመልሼ፣ 1,906ኛ ወጥቻለሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ‹ለተከበሩ ወንድማችን ቁልፍ ሠሪ› ይላል። ላሳየሁት ወንድማዊ ትጋት ያመሰግንና፣ በሚቀጥለው ዓመት በክብር እንግድነት ከእርስዎ ጎን ጥላ ሥር እንድቀመጥ ይጋብዛል። እንግዲህ በመጪው ውድድር አጠገብዎ የምቀመጠው እኔ፣ ከፊትዎ እንዳልሮጥ የታገድኩትም እኔ ነኝ። ግብዣውን ተቀብያለሁ፤ ጢም እንዳበቅል ግን በቂ ጊዜ ይሰጠኝ።

ሜዳልያውን በተመለከተ፣ እናቴ አንገቷ ላይ አጥልቃው ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረች ነው። ልጄን የሚያሳድዳት እንደሌለ ማስረጃ አገኘሁ ትላለች። እኔ አውልቂ የምልበት ድፍረት የለኝም። ኮሚቴው ካለው፣ ስምንታችሁም ኑና ጠይቋት፤ መዶሻውን ግን ደጅ ተዉት።

አምስተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እምቢ አለኝ። መርፌንም አግዳችኋታል፤ ‹ያለ በቂ ምክንያት መንገድ ዳር በመቀመጥ የማጭበርበሩ ተባባሪ በመሆን› ተብሎ። እሷ ከእኔ ትፈጥናለች፤ ብቻዋን ብትሮጥ ኖሮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገብታ ልብሷን ቀይራ ትጠብቀኝ ነበር። በሕይወቷ ሁሉ የሌላ ሰው ልብስ ለሌላ ሰው ቀን ስታደርስ የኖረች ሴት፣ ለራሷ ያዘጋጀቻት ቀን ያቺ አንዷ ነበረች። የተቀመጠችው የእናንተ በር እንዲከፈት ነው። የእኔ እገዳ ይቆይ ካላችሁ ይቆይ፤ የእሷን ግን አንሡላት። ልመናዬ ክብደት ከሌለው ‹ወንድማችሁ› ለምኗል በሉ።

እስከዚያው ሥራ አልፈታንም። ባለፈው እሑድ ያንኑ መንገድ ያለ ቁጥርና ያለ ማሊያ ሮጥነው። ስንነሣ ደወልንላትና እናቴ የስታዲየሙ በር ጋ ቆማ ሰዓት ያዘች። አሥራ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስልኬ ሲጮኽ መርፌ ነጥቃ አነሣችውና፣ ባለሙያዋ ራሷን እየከፈተች ስለሆነ አንድ ሰዓት ይጠብቁ አለች። ደንበኛው ጠበቀ። የተዘጋውን በር በእጃችን ነክተን ስንቆም እናቴ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ብላ አወጀች። ሰዓቱን ትንሽ ዘግይታ እንዳስነሣችው ብጠረጥርም እናት አይከሰስምና አልተከራከርኩም።

የወገብዎን ጤና፣ የወንበርዎን ምቾትና የፊርማዎን ርጋታ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ምስጋናና ከማይገባኝ ቅጣት መካከል ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የታገደችው ሯጭ ቁጥር 2417፣
እንዲሁም የተመሰገነው ወንድማችሁ ቁልፍ ሠሪው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። በእጅዎ ላስረክብ ሦስት ቀን ሙሉ በሥራ ሰዓት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን ተቆልፎ አገኘሁት። ቁልፉ በፀጉር ማስያዣ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ሳልጠራ በር አልከፍትም። ካስፈለግሁ ቁጥሬን ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱንም።