የበሩ ቀለም

ማሙሽ፣

የግቢውን በር በእጅህ እንዳትነካው። አንተ ስታንኮራፋ ቀባሁት፣ ገና አልደረቀም።

የአባዬን ኮሮላ ይዣት ወጥቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚመጣው ገዢህ "አትሸጥም" በለው። ካፈርክ እኔ ታላቅ እህትህ ስመለስ ደውዬ እነግረዋለሁ።

አዎ፣ ሰሞኑን ሥራ ስትውል ኮሮላዋንም በበሩ ቀለም ቀብቻታለሁ። ሸራውን ገልጠህ ብታያት ኖሮ ታውቅ ነበር። ሞተሯን ዓመት ሙሉ አብረን ፈታን፣ አብረን ገጠምን፤ ነጩን ቀለም ግን ብቻህን ወሰንክ። "ከፋብሪካ ስትወጣ ነጭ ነበረች" አልክ። አባዬ እኮ በገዛት ሳምንት ነው ከበሩ በተረፈው አረንጓዴ በብሩሽ የለቀለቃት! የሰፈር ልጆች "በሩ መጣ! በሩ መጣ!" እያሉ ሲስቁ አንተ የኋላ ወንበር ስር ትደበቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥሩምባውን ይነፋላቸው ነበር።

ሦስት ቅዳሜ የለፋህበትን ነጭ ስሸፍነው ሆዴ ባብቷል፣ አልክድም። ከዚህ በላይ ይቅርታ ግን ከኔ አትጠብቅ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሩምባ ስትሰማ ወጥተህ በሩን ክፈትልኝ። ባይደርቅም ክፈተው። እጅህ አረንጓዴ ቢሆን አትሞትም፤ አባዬ ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ሥራ ገብቷል።